ስለ አንዲት ድርጭት ማን ይጠየቃል?

ጠግቦ የሚያድር፣ ማድቤቱ የሞላለት፣ ሥጋ ያልቸገረው ሰው ገንዘቡን ከፍሎ፣ ባሕር ተሻግሮና ተራራ ወጥቶ አንድ የዱር እንስሳ ቢገድል፣ ቀንዱንም ለግድግዳ ጌጥ ይዞ ወደ አገሩ ቢመለስ፣ ያደረገው ነገር ምን ተብሎ ይጠራል? ጀግንነት ነው? መዝናኛ ነው? ንግድ ነው? ወይስ ግፍ? የከፈለው ገንዘብ ደኑንና የቀሩትን እንስሳት ለመጠበቅ የሚውል ቢሆንስ ፍርዱ ይለወጣል?

ጥያቄው ለእኛ ለከተማ ነዋሪዎች ሩቅ ሊመስለን ይችላል። ሥጋን የምናውቀው ከሉካንዳ ቤት፣ ዶሮንም ከገበያ ነው። ለምዕራብ ሐረርጌ ሰው ግን ጉዳዩ የደጃፉ ጉዳይ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአዋሽ፣ በአሰቦትና በሚኤሶ አልፎ ወደ ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) የሚወጣ መንገደኛ የቆላው ሙቀት ወደ ኋላ ቀርቶ የጨርጨር ደጋ ሲቀበለው ይሰማዋል። ከጭሮ ወደ ደቡብ ታጥፎ በኩኒና በበዴሳ በኩል ወደ ገለምሶ ሲዘልቅ ደግሞ ጫትና ቡና ከሸፈናቸው ኮረብታዎች በላይ ከጥንቱ ደን የተረፈው ጥድና ዝግባ በሩቁ ይታየዋል። ከኢትዮጵያ በስተቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኘው የደጋ አጋዘን፣ ብዙዎቻችን ኒያላ የምንለው፣ የኖረው በእንዲህ ያለው ደን ውስጥ ነው። በ1969 ዓ.ም. በወጣው የአሥር ሳንቲም ላይ ተቀርጾ ስንት ጊዜ በእጃችን አልፏል!

ይህን እንስሳ የዓለም ሳይንስ የመዘገበው ዘግይቶ ነው። አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1908 በአገራችን ተራራ ላይ ገደለው፤ ሪቻርድ ላይደከር የተባለ ሊቅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1910 በገዳዩ ስም ሰየመው። እንግዲህ የአገሩ ሰው ስንት ዘመን ሲያውቀው የኖረ እንስሳ በመጻሕፍት የሚታወቀው በገደለው ሰው ስም ነው ማለት ነው። ወንዱ እስከ 300 ኪሎ ይመዝናል፤ የተጠማዘዘ ቀንዱ ደግሞ በአዳኞች ዘንድ እጅግ ተፈላጊ ነው። ዛሬ በመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት እንስሳት ጋር ተመዝግቧል።

ሆኖም አደኑ በሕግ ፈጽሞ የተከለከለ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 እና በ2000 ዓ.ም. የተከተለው ደንብ ቁጥር 163 በፈቃድና በኮታ የሚካሄድ አደንን ይፈቅዳሉ። ለዚህም ሥራ የተከለሉ ደኖች አሉ፤ በዚሁ በምዕራብ ሐረርጌ ድንድን፣ በአርሲ ደግሞ አርባ ጉጉና ሙነሳ ከእነዚህ መካከል ሲጠቀሱ ኖረዋል። አዳኙ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣል፤ የሚገድለውም በቁጥር የተወሰነ፣ ወንድ እንስሳ ነው።

በጭሮ፣ በበዴሳና በገለምሶ ለሥራ በተመላለስኩባቸው ጊዜያት ይህን ጉዳይ እያነሳሁ ብዙ ሰው ጠይቄያለሁ። በአንድ ሻይ ቤት ያገኘሁት ወጣት አስተማሪ ነገሩን በአጭሩ ቋጨው፤ «ድሃ ሲያድን ወንጀለኛ፣ ሀብታም ሲያድን ቱሪስት ይባላል» አለኝ። አንድ ሽማግሌ ሐጂ ግን በዚህ አልተስማሙም። «ልጄ፣ ፈረንጁ አንድ ገድሎ ይሄዳል። ጫካውን የጨረሰው ፈረንጅ ነው እንዴ?» ብለው መልሰው ጠየቁኝ። ሁለቱም መልሶች አብረውኝ ቆይተዋል።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን ቀደም ባሉት ዓመታት ለውጭ አዳኞች ዱካ ይመራ የነበረ አንድ ሰው የነገረኝ ነው። «እንግዳው ሲተኩስ እኛ ቢላችንን ይዘን እንሮጣለን። ነፍሱ ሳትወጣ ደርሰን ቢስሚላህ ብለን ካረድነው ሥጋው ለኛ ሐላል ነው፤ ካልደረስን ግን የጅብ ነው። እንግዳው ቀንዱን ይፈልጋል፣ እኛ ሥጋውን። የሞተው እንስሳ አንድ ነው፣ ወንድሜ፤ የምንፈልገው ነገር ግን ለየቅል ነው» አለኝ።

ውድ አንባቢ፣ የጥያቄያችን ፍሬ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ደሙ አንድ ነው፤ ሞቱ አንድ ነው። የሚለየው ኒያውና ከሞቱ በኋላ የሚሆነው ነገር ነው። ታዲያ አንድ ሞት በሁለት ሰዎች ዘንድ ሁለት ፍርድ ሊኖረው ይችላልን?

ነገሩን አጥርቶ ለማየት ይኸው ልማድ በሌላ አገር ምን መልክ እንዳለው መመልከት ይጠቅማል። በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች፣ በተለይም በጆርጂያዋ ቶማስቪልና በፍሎሪዳዋ ታላሃሲ መካከል፣ የድርጭት አደን እንደ ባህል የተያዘ የባለጸጎች መዝናኛ ነው። እንግዳው በሰፊ ርስት መካከል በተሠራ ማረፊያ ያድራል። ሲነጋ በፈረስ ወይም በቅሎ በሚጎትተው ጋሪ ይወጣል። የሠለጠኑ ውሾች ሣር ውስጥ ያደፈጡትን ወፎች በጠረን አግኝተው ቀጥ ብለው ይቆማሉ። መሪው ቀርቦ ወፎቹን ያስነሳል፤ እንግዳው ይተኩሳል፤ ሌላ ውሻ የወደቀችውን በአፉ ይዞ ያመጣል። ማታ ድርጭቷ ለራት ትቀርባለች።

ከእነዚህ ርስቶች ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1865 ከተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት በፊት ጥቁር ባሮች ጥጥ ያለሙባቸው እርሻዎች ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ የሰሜን ባለሀብቶች ገዝተው ማደኛ አደረጓቸው። ለረጅም ዘመን ጋሪውን የነዱት፣ ውሾቹን የገሩት፣ ራቱንም ያበሰሉት በአብዛኛው የእነዚያ ባሮች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። የአንዱ መዝናኛ በሌላው ጫንቃ ላይ ቆሞ መኖሩን ይህ ታሪክ ያሳየናል።

ይሁን እንጂ የማንወደውን ሰው ስናወሳም ፍትሕን መልቀቅ የለብንም። በዚያው ምድር ኸርበርት ስቶዳርድ የተባለ ተመራማሪ ስለ ድርጭቷ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1931 መጽሐፍ አሳተመ። ወፏ እንድትኖር ደኑ በየጊዜው በጥንቃቄ በእሳት መጽዳት እንዳለበት አስረዳ። የደን ቃጠሎ ሁሉ ጠላት ነው ይባል በነበረበት ዘመን ይህ ድፍረት ነበር። ዛሬ በሌሎች አካባቢዎች ረጅም ቅጠል ያለው ጥድ ተመንጥሮ ሲያልቅና ድርጭቷም እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ወዲህ በእጅጉ ስትመናመን፣ በእነዚያ ማደኛ ርስቶች ግን ደኑም ወፏም በተሻለ ሁኔታ ተርፈዋል። አዳኞች «የምናድነውን የምንጠብቅ እኛ ነን» የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

ነገር ግን ታሪኩ ሌላ ገጽታም አለው። የዱር ድርጭት ባነሰችባቸው ብዙ ማደኛዎች ወፎቹ በሽቦ ቤት ተፈልፍለው ያድጋሉ። ከዚያም ለእንግዳው ተብለው ሜዳ ላይ ይለቀቃሉ፤ ብዙም ሳይቆዩ ይገደላሉ። እዚህ ላይ የሚጠበቅ ዱር የለም። የቀረው የመግደል ደስታ ብቻ ነው።

ድርጭት ለእኛ ለሙስሊሞች እንግዳ ስም አይደለችም። አላህ (ሱ.ወ.) ለበኒ ኢስራኢል በበረሃ ከመናው ጋር ሰልዋን እንደ ለገሳቸው በቁርኣን ተነግሮናል። ሰልዋ በአማርኛው ድርጭት ናት። የአሜሪካዋ ድርጭት በዘር ከዚህችኛዋ ራቅ ብትልም አኳኋኗ ተቀራራቢ ነው። እንግዲህ ድርጭት በመጽሐፋችን የተጠቀሰችው ለተራበ ሕዝብ እንደ ወረደች ሲሳይ ነው። ሲሳይ ደግሞ ይበላል፣ ይመሰገንበታል እንጂ መጫወቻ አይደረግም።

ሸሪዓችን አደንን ፈቅዷል። በሠለጠነ ውሻ ማደን እንኳ ሥርዓቱ ተወስኖለት፣ የአላህ ስም እንዲወሳበት ታዞ ተፈቅዷል። ስለዚህ «አደን በራሱ ነውር ነው» የሚለው አነጋገር የእኛ አነጋገር አይደለም። ነገር ግን ፈቃዱ አጥር አለው። በሱረቱል ማኢዳ ምእመናን በኢሕራም ላይ ሳሉ እጃቸውና ጦራቸው በሚደርስበት የአደን እንስሳ እንደሚፈተኑ ተነግሯቸዋል፤ ጌታውን በሩቅ ሆኖ የሚፈራው ይለይ ዘንድ ነው። ሆን ብሎ የገደለም የገደለውን የሚመስል ከቤት እንስሳ እንዲሰጥ፣ አምሳያውንም ሁለት ፍትሐዊ ሰዎች እንዲፈርዱ፣ ወይም በምትኩ ድሆችን እንዲያበላ አለዚያም እንዲጾም ተደንግጓል።

ይህን ድንጋጌ ቆም ብለን ብናስተውለው ሁለት ቁም ነገር እናገኝበታለን። አንደኛ፣ እጅ የደረሰበትን ሁሉ አለመንካት ራሱ ዒባዳ መሆኑን ነው። ሁለተኛ፣ የአንዲት የሜዳ እንስሳ ነፍስ በሁለት ምስክሮች ፊት የምትመዘን፣ ዋጋዋ የሚቆረጥላት ነፍስ መሆኗን ነው። በኢሕራም ጊዜ እንዲህ የምትቆጠር ነፍስ ኢሕራሙ ሲፈታ ዋጋ ቢስ ትሆናለችን? ፈቃዱ ይመለሳል እንጂ ክብሯ አይጠፋም።

ነቢዩ ሙሐመድም (ሰ.ዐ.ወ.) ነፍስ ያለውን ነገር የተኩስ ዒላማ ማድረግን ከልክለዋል። ነሳኢ በዘገቡት ሐዲስ ድንቢጥን ለከንቱ የገደለ ሰው የቂያማ ዕለት በድንቢጧ እንደሚከሰስ ተወስቷል፤ ክሷም ለጥቅም ሳይሆን ለጨዋታ ገደለኝ የሚል ነው። በሰነዱ ላይ ዑለማዎች ቢነጋገሩበትም ቁም ነገሩን ሌሎች ሐዲሶች ያጸኑታል። አደን እያሳደደ የሚኖር ሰው ልቡ እንደሚዘናጋም በአቡ ዳውድና በቲርሚዚ ተዘግቧል። በዚህም የተነሳ በርካታ የፊቅህ ሊቃውንት ለጨዋታ ብቻ የሚደረግን አደን መክሩህ ብለውታል፤ ሥጋውም ሌላውም ጥቅም ሳይፈለግ መግደልን ደግሞ ከዚህ አልፈው ሐራም ያሉት አሉ።

እዚህ ላይ «ይህ የፈረንጅ ችግር ነው» ብለን ልናልፍ እንፈልግ ይሆናል። እውነቱ ግን ይህን አይፈቅድልንም። ሁባራ የምትባለውን የበረሃ ወፍ በጭልፊት ለማደን በየዓመቱ ወደ ፓኪስታን የሚጓዙት የባሕረ ሰላጤው ልዑላንና ባለጸጎች ናቸው። የፓኪስታን ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 አደኑን ፈጽሞ ከለከለ፤ በጥር 2016 ደግሞ ክልከላው ተነሣ። በግብፅ የሜዲትራኒያን ዳርቻም ከአውሮፓ ባሕሩን አቋርጣ ደክማ የምታርፈውን ድርጭት የሚጠብቃት ረጅም መረብ ነው። የድሃው ዓሣ አጥማጅ መረብ ለሲሳይ ሊሆን ይችላል፤ ለነጋዴው ማዕድ ያለ ልክ ሲዘረጋ ግን ሌላ ነገር ነው። እኛም ብንሆን ዝሆን ለገደለ፣ አንበሳ ለጣለ ስንፎክር የኖርን ሕዝቦች ነን። በሐረርጌ የተረፉትን ዝሆኖች ለማዳን በ1962 ዓ.ም. የባቢሌ መጠለያ መከለል ያስፈለገው ለምን ነበር? ጨዋታ ሃይማኖትና ቀለም አይመርጥም።

አሁን ወደ ክርክሩ ልብ እንግባ። አንድ ብልህ አዳኝ እንዲህ ሊለን ይችላል፤ «እናንተስ ሥጋ የምትበሉት ለመኖር ግድ ሆኖባችሁ ነው? ሽሮና ጎመን ያኖራችኋል። ሥጋ የምትበሉት ስለሚጣፍጣችሁ ነው። እኔ የዓይንና የእግር ደስታ እፈልጋለሁ፤ እናንተ የምላስ። ልዩነቱ የቱ ላይ ነው?»

ጥያቄው በሳቅ የሚታለፍ አይደለም። መልሴ ይህ ነው። የአዳኙን ደስታ ብንፈታው ሁለት ነገር እናገኛለን። አንዱ በማለዳ መውጣቱ፣ የደኑ ሽታ፣ የውሻው ብልሃት፣ ዱካ መከተሉ፣ ከጓደኛ ጋር መዋሉ ነው። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ይህ ሁሉ ግን ያለ ሞት ይገኛል። ፎቶግራፍ አንሺውም፣ ወፍ ተመልካቹም ያገኙታል። ሁለተኛው ነፍስ ስትወድቅ የሚሰማው ደስታ ነው። «ያለዚህኛው ቀኔ አይሞላም» የሚል ሰው የፈለገው መግደሉን ራሱን መሆኑን በገዛ አንደበቱ መሰከረ። ሥጋ የሚበላ ሰው ግን ያለ መታረድ ሥጋ ቢያገኝ አይከፋውም። ለእርሱ ሞቱ መንገድ ነው፤ ለዚያኛው ግን ሞቱ መድረሻ ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ነገር ግን ይኸው መልስ ወደ እኛም ይዞራል። በሠርጋችን፣ በድግሳችን፣ በሆቴሎቻችን ተርፎ የሚደፋው ሥጋ የማን ሲሳይ ነው? ለእንግዳ ዓይን ብቻ ታርዶ ማንም ሳይበላው የተጣለ በግ ቀንዱ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ኒያላ በምን ይሻላል? እርግጥ ቢስሚላህ ተብሎለታል። ነገር ግን የአላህን ስም ጠርተን ያጠፋነውን ነፍስ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ መጣል ስሙን ማክበር ነውን? ኢስራፍ የተከለከለው ለገንዘባችን ታዝኖ ብቻ አይደለም።

ቀጥሎ ያለው የገንዘቡ ጥያቄ ነው። የአዳኙ ዶላር ደኑን የሚያስጠብቅ ከሆነ፣ አንድ ሽማግሌ ኒያላ ሞቶ መቶ ቢተርፉ ምን ይከፋል? ይህ ክርክር ከባድ መሆኑን አምናለሁ። እዚህ ላይ ግን ሁለት ሰዎችን መለየት ይገባል፤ የሚተኩሰውንና ፈቃዱን የሚሰጠውን።

ፈቃዱን የሚሰጠው ኅብረተሰብ ወይም መንግሥት ከሁለት ጉዳት ቀላሉን መርጦ ሊሆን ይችላል። ገቢ የማያስገኝ ደን በእርሻና በከሰል የሚያልቅ ከሆነ፣ ጥቂት እንስሳት በኮታ እየተገደሉ ደኑ ቢቆም ከሁሉም መጥፋት ይሻላል። የሸሪዓ ሊቃውንትም ትልቁን ጉዳት በትንሹ መመከትን ያውቁታል። ይህ ግን እውነተኛ የሚሆነው ቆጠራው በሐቅ ሲካሄድ፣ ገንዘቡ ደኑን በሚጠብቀው ገበሬ እጅ ሲደርስ፣ ሥጋው ሳይባክን ሲቀር፣ የተሻለ መንገድ ሲገኝም አደኑ ሲተው ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል «ቀላሉ ጉዳት» የሚለው ቃል ለመሸፈኛ የቀረበ መጋረጃ ይሆናል።

የሚተኩሰው ሰው ግን የኅብረተሰቡን ምክንያት ተውሶ ራሱን ሊያጸድቅ አይችልም። ደኑን ለማዳን ብቻ ፈልጎ ቢሆን ገንዘቡን ሰጥቶ ጠመንጃውን ቤቱ በተወ ነበር። ከፍሎ ይገደልለት ዘንድ የጠየቀው እርሱ ነው። በወለድ የተሰበሰበ ገንዘብ መስጊድ ቢሠራበት ወለዱ ሐላል እንደማይሆን ሁሉ፣ ከጨዋታ ግድያ የመጣ ጥቅምም ግድያውን ወደ ኋላ ተመልሶ አያጠራውም። ሥራ በኒያ ነው የሚመዘነው፤ ኒያ ደግሞ በደረሰኝ አይገዛም።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ሌላው ሰው በመሆኑ ቀላል ነበር። አሁን ወደ ሐጂ ጥያቄ ልመለስ፤ «ጫካውን የጨረሰው ፈረንጅ ነው እንዴ?»

አይደለም። ከጭሮ በማይርቀው በኩኒ አካባቢ ለኒያላ መጠጊያ ተብሎ የተከለለ የኩኒ ሙክታር የእንስሳት መጠለያ አለ። የደርግ መንግሥት በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ጠባቂ አጣ። እንስሳቱ ታደኑ፤ ዛፉ ለማገዶና ለቤት ሥራ ተቆረጠ፤ መሬቱ ተቆፈረ። ይህን ያደረገው ባሕር ተሻግሮ የመጣ አዳኝ አይደለም። ቤተሰቡን ለመመገብ መሬት የጠበበው ገበሬ፣ ከሰል የሚገዛው የከተማ ሰው፣ የአጠና ነጋዴው፣ ምድሩ እስከ ተራራው ጫፍ ጫት እንዲለብስ የፈለገው ገበያ ተባብረው ያደረጉት ነው። ከእነዚህ አንዳቸውም ኒያላ ላይ ጥይት አልተኮሱ ይሆናል። ነገር ግን ደን የሌለው ኒያላ ያለ ጥይት ይሞታል።

እዚህ ላይ ድሃው ገበሬ ላይ ድንጋይ ለመወርወር የሚቸኩል ካለ ይታገሥ። ልጁን ለማብላት የሚያርስ ሰው ከነሐጃው ያለ ሰው ነው፤ ሐጃ ደግሞ በሸሪዓ ዘንድ ክብደት አለው። በገበያ ቀን በወጥመድ የያዛትን ጅግራ ክንፏን አስሮ ለሽያጭ ያቀረበ ልጅ አይቻለሁ፤ በዚያች ጅግራ ዋጋ ደብተር ሊገዛ ይሆናል። ከእርሱ ይልቅ የምንጠየቀው በከሰሉ ቡናችንን እያፈላን፣ በጫቱ ከሰዓታችንን እያሳለፍን፣ የደኑን መመናመን በጋዜጣ አንብበን ከንፈር የምንመጥጠው እኛ ነን። ገበሬው በግድ የሚያደርገውን እኛ ለምቾት እናስደርገዋለን። ምቾትና ጨዋታ ደግሞ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው።

እንዲያውም የውጭው አዳኝ በአንድ ነገር ይበልጠናል። እርሱ የገደለው ይታወቃል። ስሙ በመዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ቀኑ ተጽፏል፤ ቀንዱ ተለክቷል፤ ዋጋው ተከፍሏል። እኛ ያጠፋነውን ግን ማንም አልቆጠረውም። ሁለቱ ፍትሐዊ ፈራጆች ለአንዲት የሜዳ እንስሳ አምሳያ ይፈልጉ ዘንድ የታዘዘበትን ድንጋጌ እናስታውስ። ስለ ኩኒ ደን ማን ተቀመጠ? ማን መዘነ? ማን ካሠ? ሁሉም ያጠፋው ነገር ማንም እንዳላጠፋው ሆኖ ይቀራል። ከመግደል የማያንሰው በደል ይህ ይመስለኛል፤ ገድሎ ተጠያቂ አለመኖሩ።

በበዴሳ አጠገብ ያለው ኦዳ ቡልቱም የኢቱ ኦሮሞ አባቶች ተሰብስበው ሕግ የሚያወጡበት ስፍራ ነበር። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) መዲናን ሐረም ሲያደርጓት ዛፏ እንዳይቆረጥ፣ አውሬዋም እንዳይታደን ደንግገዋል። ሁለቱም የሚያስተምሩን ምድርና በላይዋ ያለው ነፍስ በሕግና በአደራ እንደሚያዝ ነው። የየከተማው የመስጊድ ኢማሞች በኹጥባ፣ ሽማግሌዎች በሸንጎ፣ ወረዳዎችም በሥራቸው ይህን አደራ ቢያነሱት ከአንድ ሺህ የማስታወቂያ ሰሌዳ ይበልጣል። ከአደን የሚገኘው ገንዘብ ለየትኛው ቀበሌ ስንት እንደ ደረሰ በሕዝብ ፊት ይነበብ። የደኑ ወሰን በሽማግሌ ምስክርነት ይተከል። የከተማው ሰው ደግሞ ከሰሉን ከየት እንደሚያመጣ፣ ለድግሱ ስንት እንደሚያርድና ስንቱን እንደሚደፋ ራሱን ይጠይቅ።

እንግዲህ ለርእሴ መልስ ልስጥ። ስለ አንዲት ድርጭት የሚጠየቀው መጀመሪያ ለጨዋታ የተኮሰባት ነው፤ የከፈለው ገንዘብ ከዚህ አያድነውም። ቀጥሎ ፈቃዱን ሸጦ ገንዘቡን ለሌላ ያዋለው ነው። ከዚያም ያረፈችበትን ሣር፣ የተጠለለችበትን ቁጥቋጦ ሳያስፈልገው ያጠፋ፣ ወይም በገንዘቡ ያስጠፋ ሁሉ ነው። ተርቦ በወጥመድ የያዛት፣ የአላህን ስም ጠርቶ ያረዳት፣ ከልጆቹ ጋር የበላት ሰው ግን የበላው ሲሳዩን ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) እንስሳትና አእዋፍ እንደ እኛው ማኅበረሰቦች መሆናቸውን ነግሮናል። ከእኛ የሚለዩት ዛሬ መናገርና መክሰስ ባለመቻላቸው ነው። ይህ ዛሬ ብቻ ነው። ወላሁ አዕለም።